የፊልም ጎተራ፦ የትናንት ምስል እንዴት ለነገ ይቆያል?

ለዘር የተመረጠ እህል በሚገባ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ እንደሚሻግት አርሶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቃል። የሲኒማ ፊልምም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም፤ ሙቀትና እርጥበት ቀስ በቀስ ይበሉታል። ፊልምን ከዚህ ጥፋት ለመታደግ ከተቋቋሙት ማዕከላት አንዱ በአሜሪካ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ፣ በአጭር ስሙ ዩሲኤልኤ፣ የፊልምና የቴሌቪዥን ቤተ መዛግብት ነው። የኢትዮጵያን ገበሬ የጭሰኝነት ዘመን በፊልም ያስቀሩት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የተማሩትም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ቤተ መዛግብቱ የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሀገሪቱ ካሉት ትልልቅ ስብስቦች መካከል ይቆጠራል። ከያዛቸው መካከል የኸርስት ኩባንያ የዜና ፊልሞች ብቻ 27 ሚሊዮን ጫማ ርዝመት አላቸው። ወደ ኪሎ ሜትር ሲለወጥ ከ8 ሺህ ይበልጣል፤ በተለመደው የሲኒማ ፍጥነት ሌት ተቀን ያለ እረፍት ቢታይ ደግሞ ከ200 ቀናት በላይ ይወስዳል።

ይህን ሁሉ ማከማቸት ፊልሙን መደርደሪያ ላይ አኑሮ በሩን መቆለፍ ማለት አይደለም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው የሲኒማ ፊልም ይሠራ የነበረው ናይትሬት ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ የሚቃጠልበትን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ በውኃ እንኳ በቀላሉ አይጠፋም። እርሱን የተካው አሲቴት የእሳት አደጋውን ቢቀንስም የራሱን በሽታ ይዞ መጣ። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻም ይሰባበራል። ከሁሉ የከፋው ግን ከታመመው ፊልም የሚወጣው ትነት አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ፊልም ጭምር ማፋጠኑ ነው። ነቀዝ የያዘው ጆንያ ለጎረቤቱ ጆንያ እንደሚተርፈው መሆኑ ነው።

መድኃኒቱ ቅዝቃዜና ድርቀት ነው። በዘር ሳይንስ የታወቀ ስሌት አለ፤ የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል። የፊልም ጠባቂዎችም ተመሳሳይ መንገድ ይከተላሉ። አዲስ የአሲቴት ፊልም 21 ዲግሪ በሆነና መካከለኛ እርጥበት ባለው ክፍል ሲቀመጥ መበላሸት እስኪጀምር 50 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ በቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ግን ዕድሜው ወደ መቶዎች ይዘልቃል።

የተጎዳውን ማዳን ደግሞ የትዕግሥት ሥራ ነው። ባለሙያው ፊልሙን በእጁ እያገላበጠ ይመረምራል፣ የተቀደደውን ይጠግናል፣ ያጸዳል። ከተለያየ ቦታ የተገኙ ቅጂዎችን አስተያይቶ ከአንዱ የጎደለውን ከሌላው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ቅጂ የሚሠራው። ቻርለስ በርኔት የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በተማሪነቱ የሠራውና በ1977 ያጠናቀቀው «ኪለር ኦቭ ሺፕ» የተሰኘ ፊልም በዚሁ ቤተ መዛግብት ታድሶ በ2007 በሲኒማ ቤቶች ለሰፊው ሕዝብ ቀርቧል።

በርኔትና ፕሮፌሰር ኃይሌ በዩኒቨርሲቲው የአንድ ዘመን ተማሪዎች ነበሩ። ኃይሌ በ1946 በጎንደር የተወለዱ፣ የጸሐፊው የገሪማ ታፈረ ልጅ ናቸው። ብዙዎች የሚያውቋቸው «ጤዛ» በተሰኘው ፊልማቸው ነው። ቤተ መዛግብቱ በ2011 የእነዚህን ጥቁር የፊልም ሠሪዎች ሥራ አሰባስቦ ሰፊ የማሳያ መርሐ ግብር አዘጋጅቶ ነበር። ማሳየቱ እንደ ትርፍ ሥራ ሊቆጠር አይገባም፤ የማይዘራ ዘር ጎተራ ውስጥ መኖሩ ምን ይረባል?

ለኢትዮጵያ ገበሬ ቅርብ የሆነው የኃይሌ ሥራ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1974፣ በአብዮቱ መባቻ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ የተቀረጸ በአማርኛ የሚነገር ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ለባለርስት የሚያርስ ቤተሰብን፣ ከብት ስትጠብቅ የምትውል ልጅን፣ መሬቱን ተነጥቆ እንደ እብድ የሚቆጠርን ሰው ያሳያል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ የጭሰኝነት ሥርዓት በአዋጅ ከመሻሩ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ወራት የተያዘ ምስል ነውና ዛሬ ድጋሚ ሊቀረጽ አይችልም። እርሱም እንደ ሌሎቹ እድሳት ተደርጎለታል፤ ሥራው የተከናወነው ግን በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ በሚገኝ የፊልም ማደሻ ቤተ ሙከራ ነው።

ነገሩ የሩቅ ሀገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሠርግ፣ የክርስትና ወይም የሐዘን ቪዲዮ ካሴት በየቤቱ አለ፤ የካሴት ጥብጣብም እርጥበትን አይወድም። በሳጥን ተደርጎ ከመሬት ከፍ ባለ፣ የማዕድ ቤት ጭስና የክረምት እርጥበት በማይደርስበት ቦታ በቁሙ ይቀመጥ። ማግኔት ካለው ድምፅ ማጉያ መራቅ አለበት። ሻጋታ የታየበትን ካሴት ማጫወቻ ውስጥ መክተት ጥብጣቡን ከማበላሸቱም በላይ ሻጋታውን ወደ ሌሎች ካሴቶች ስለሚያዛምት አስቀድሞ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። ደህናው ካሴት ሳይውል ሳያድር ወደ ዲጂታል ቢገለበጥ መልካም ነው፤ ቅጂውም ከአንድ በላይ ሆኖ በተለያየ ቤት ይቀመጥ። ፍላሽና ሃርድ ዲስክም ይበላሻሉና በየጥቂት ዓመቱ እየከፈቱ ማየትና ወደ አዲስ መገልበጥ ያስፈልጋል።