አንድ ብርሃን ብቻ ያለው የእጅ ባትሪ

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር አለ። «ካርቲየ» በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ነው፤ «ቢስ» የሚለውም ቃል ከቍጥር በኋላ ሲገባ «ዳግመኛ» እንደ ማለት ነው እንጂ፣ በአማርኛ «ዕድለ ቢስ» ስንል ከምንሰማው ቃል ጋር ዝምድና የለውም። ኢትዮጵያና ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ስለ ተገናኙ፣ ከሀገራችን ወንዞች የሚመነጨው ኀይል ወደዚያች ከተማም ይደርሳል። ይሁን እንጂ በየትኛውም ከተማ መብራት አንዳንድ ጊዜ መቋረጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ሰው እጁን የሚዘረጋው ወደ እጅ ባትሪው ነው።

አንድ ሌሊት በዚህ ሰፈር መብራት ጠፋ እንበል። አንዲት እናት ለታመመ ልጃቸው የመድኃኒት ጠብታ በማንኪያ ላይ ይቈጥራሉ፤ የሕፃኑ ታላቅ እኅት ደግሞ የእጅ ባትሪ ይዛ ታበራላቸዋለች። አራተኛው ጠብታ ሲወርድ የልጅቱ ጣት ሳታስበው ማብሪያውን ይነካዋል። ባትሪውም በድንገት ይደበዝዛል፤ ደግማ ብትነካው እንደ መብረቅ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። እናትየው ቍጥሩ ይጠፋባቸዋል። ባትሪው ግን አልተበላሸም፤ እንዲሠራ የታዘዘውን ሠርቷል። ይህ እንዴት እንደሚሆንና እንዴትም ሊታረም እንደሚችል ቀጥለን እንመልከት።

የቀድሞው የእጅ ባትሪ አሠራር ቀላል ነበር። ሁለት ወይም ሦስት የባትሪ ድንጋዮች፣ አንድ ማብሪያና አንድ አምፖል ነበሩት፤ ማብሪያው ሲገፋ ይበራል፣ ሲመለስ ይጠፋል። በዛሬው የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገኘው ግን ኤል ኢ ዲ የተባለው ብርሃን ሰጪ ነው። ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል ኢ ዲ አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ሠራ። ነጩን ብርሃን ለማግኘት ግን በቅድሚያ ደማቁ ሰማያዊ መገኘት ነበረበት፤ እርሱን ያስገኙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኤል ኢ ዲ አንድ ጠባይ አለው። ቮልቴጁ ጥቂት ከፍ ሲል የሚያልፍበት የኤሌክትሪክ ፍሰት እጅግ ይጨምርና ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ፍሰቱን የሚመጥንለት ዘብ ያስፈልገዋል። ይህ ዘብ ድራይቨር ይባላል፤ መልኩም የሳንቲም ያህል ክብ ሰሌዳ ነው። በብዙ ሰሌዳዎች ላይ 7135 የሚል ቍጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ቺፖች ይታያሉ። እያንዳንዱ ቺፕ 350 ሚሊ አምፒር ያህል ያሳልፋል፤ ሦስት ቢሆኑ በጠቅላላው 1,050 ሚሊ አምፒር ይሆናል ማለት ነው።

ከእነርሱ አጠገብ ስምንት እግሮች ያሉት ሌላ ቺፕ አለ፤ እርሱም ማይክሮኮንትሮለር ይባላል። ቺፖቹን በሮች ብንላቸው እርሱ በረኛቸው ነው። ደብዛዛ ብርሃን ሲፈለግ በሮቹን በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይከፍታል፣ ይዘጋልም። ከጊዜው ከመቶ ዐሥር እጁን ብቻ ክፍት ቢያደርጋቸው፣ ዐይናችን መቆራረጡን ሳይለይ የደከመ ብርሃን ያያል። ኀይል ለአፍታ ተቋርጦ ሲመለስም በረኛው «ወደሚቀጥለው የብርሃን ዐይነት እለፍ» እንደ ተባለ ይቈጥረዋል። በጣት መነካትም ሆነ በመንገድ ላይ መንገጫገጭ ለእርሱ አንድ ነው።

ባትሪውን ወደ አንድ ብርሃን የመመለሱ ሥራ እንግዲህ በረኛውን ማሰናበት ነው። የ7135 ቺፕ አንደኛው እግር ኀይል እስካገኘ ድረስ በሩ ክፍት ይሆናል፤ ይህንም ኀይል የሚያቀብለው ማይክሮኮንትሮለሩ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የባትሪው ድንጋይ ይወጣል። ከዚያም ማይክሮኮንትሮለሩ በብየዳ ካውያ ተሞቆ በወረንጦ ይነሣል። በመጨረሻም ፖዘቲቩ ኀይል ወደ እርሱ ይገባበት የነበረው ነጥብና ወደ ቺፖቹ ትእዛዝ ይወጣበት የነበረው ነጥብ በቴስተር ተለይተው በአጭር ቀጭን ሽቦ ይገናኛሉ። በብዙ ሰሌዳዎች ወደ መግቢያው ነጥብ የሚመጣው ኀይል አስቀድሞ በዳዮድ ውስጥ ያልፋል፤ ዳዮዱም ድንጋዩ ተገልብጦ ቢገባ አደጋ እንዳይደርስ ይከላከላል። ኀይሉን ከዚያ ነጥብ መውሰድ ይህን ጥበቃ ያቆያል።

እዚህ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስፈልግ ማሰብ ይገባል። 2,600 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ድንጋይ ለሦስት ቺፖች ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ለአንድ ቺፕ ግን ሰባት ሰዓት ያህል ይበቃል። የሁለቱ ቺፖች የኀይል እግር ከሰሌዳው ቢነሣ አንዱ ብቻ ይሠራል። በጅቡቲ በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ስለሚችል፣ አነስተኛው ፍሰት ባትሪውን ከመጋል ይጠብቀዋል።

ከበረኛው ጋር የሚሄድ ጥቅምም አለ። ብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ድንጋዩ ሲደክም ብርሃኑን ቀንሰው ያስጠነቅቃሉ። እነርሱ ከተነሡ በኋላ ግን የሊቲየም ድንጋይ ከመጠን በላይ ሊራቈት ይችላል፤ እንዲህ የሆነውን ድንጋይ መልሶ መሙላት አደገኛ ነው። ስለዚህ በራሱ ላይ መከላከያ ያለውን ድንጋይ መምረጥ፣ ብርሃኑ መደብዘዝ ሲጀምርም ወዲያው አጥፍቶ መሙላት ያስፈልጋል። ደግሞም የ7135 ቺፕ የሚሠራው ከ2.7 እስከ 6 ቮልት ባለው ኀይል ስለ ሆነ ሁለት የሊቲየም ድንጋዮችን አከታትሎ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ይህ ቍጥር የሌለበት ሰሌዳ ሌላ ዐይነት አሠራር ስላለው በዚህ መንገድ አይነካም።

እንዲህ ታስቦ የተለወጠ ባትሪ ቢይዙ፣ ልጅቱ ማብሪያውን ብትነካ ሊሆን የሚችለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይጠፋል፣ ደግማ ስትነካውም ያው ብርሃን ይመለሳል። እናትየውም አምስተኛውን ጠብታ ይቈጥራሉ። ከአንድ ዕቃ ላይ የማያስፈልገውን ማንሣት የሚቻለው ግን እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደ ተቀመጠ ላወቀ ሰው ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» መባሉ ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች

1. የእጅ ባትሪው ሳይበላሽ ብርሃኑ የተለዋወጠው ለምንድን ነው?
2. በምንባቡ ውስጥ «በረኛ» የተባለው ምንድን ነው? ሥራውን በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
3. ማይክሮኮንትሮለሩ ሲነሣ የሚገኘውን ጥቅምና የሚቀረውን ጥበቃ አነጻጽራችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።