የፕሬዚዳንት ብዕር ወሰን

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለሹማምንቱ በጽሑፍ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ምንጩ ሕገ መንግሥቱ ወይም ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ መሆኑን፣ ተተኪውም በፊርማው ሊሽረው እንደሚችል አንባቢ ያውቀዋልና በዚህ አልዘገይም። የሚያሳዝኑኝስ ዜና በተሰማ ቁጥር ቡና ላይ ተቀምጠው «ፈረመ፤ በቃ አለቀ» እያሉ የሚደመድሙ ወዳጆቼ ናቸው፤ ብዕሩን አይተው ዳኛውን ይረሳሉና።

ለዚህ ስሕተት ፍቱን መድኃኒቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 የታየው የብረት ፋብሪካዎች ክርክር ነው። የእኛም የቃኘው ጦር በተሰለፈበት በኮሪያ ጦርነት ወራት፣ የብረት ሠራተኞች ሥራ ለማቆም ጥቂት ሰዓታት ሲቀራቸው፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ኤፕሪል 8 ቀን በትእዛዝ ቁጥር 10340 የንግድ ሚኒስትሩ ቻርልስ ሶየር የአገሪቱን ታላላቅ የብረት ፋብሪካዎች በመንግሥት ስም እንዲረከቡ አዘዙ። ብረት ከሌለ መድፍ የለምና ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ምክር ቤቱ በ1947 የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሲያወጣ፣ መንግሥት በእንዲህ ያለ ጠብ ፋብሪካ እንዲይዝ ይፈቀድለት የሚለውን ሐሳብ ሳይቀበል ትቶት ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 2 ቀን በ6 ድምፅ ለ3 ትእዛዙን ሻረው። ከፍርዱ ሁሉ እኔ የምወደው፣ ቀድሞ የሩዝቬልት ዐቃቤ ሕግ ሳሉ መንግሥት የአውሮፕላን ፋብሪካ ሲይዝ የደገፉት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን የጻፉትን ነው፤ ሥልጣኑን በሦስት ማዕርግ ከፍለው፣ ፕሬዚዳንቱ ከምክር ቤቱ ፈቃድ ጋር ሲሠራ ከሁሉ የበረታ፣ ምክር ቤቱ ዝም ባለበት ሲሠራ አጠራጣሪ፣ ፈቃዱን ተቃርኖ ሲሠራ ግን ከሁሉ የደከመ መሆኑን አስረዱ፤ የትሩማንንም ትእዛዝ በሦስተኛው ማዕርግ አኖሩት።

«ዳኞች የሾማቸውን ያገለግላሉ» ለሚል ደግሞ መልሱ እዚሁ አለ፦ ዘጠኙም በሩዝቬልትና በትሩማን የተሾሙ ሲሆኑ፣ የትሩማን ዐቃቤ ሕግ የነበሩት፣ በእርሳቸውም እጅ ለዳኝነት የበቁት ቶም ክላርክ በትሩማን ላይ ከፈረዱት ከስድስቱ አንዱ ነበሩ። ትሩማንም ወታደር አላዘዙም፤ ፋብሪካዎቹን በዚያው ዕለት ለባለቤቶቻቸው መለሱ፤ ሠራተኛውም ሥራ አቁሞ ከ50 ቀን በላይ ቆየ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ «ፕሬዚዳንቱ ፈረመ» ሲባል ከመደንገጥም ከመደሰትም አስቀድመህ «በየትኛው ሕግ?» ብለህ ጠይቅ።