ምርታማነትን ማሳደግ፦ የካይዘን አሠራር ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች

ምርታማነት ምንድን ነው?

ምርታማነት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተገኘ ምርት ወይም አገልግሎት ለሥራው ከዋለው ጉልበት፣ ጥሬ ዕቃ፣ ጊዜና ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር የሚታወቅ መለኪያ ነው። የምርት መጨመርና የምርታማነት ማደግ አንድ አይደሉም። ሠራተኞቹን በእጥፍ ጨምሮ ምርቱንም በእጥፍ ያሳደገ ድርጅት ምርቱ እንጂ የሠራተኛው ምርታማነት አልጨመረም። ባሉት ሠራተኞችና በተለመደው የሥራ ሰዓት ብልሽት የሌለበት ተጨማሪ ምርት ያቀረበ ድርጅት ግን ምርታማነቱን አሳድጓል።

ለአገር ኢኮኖሚም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። የሠራተኞች ገቢ በዘላቂነት ሊያድግ የሚችለው እያንዳንዱ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው ዋጋ ሲያድግ ነው። በመሆኑም በአንድ ሼድ ውስጥ የሚባክን ሰዓት የኢንተርፕራይዙ አባላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ብክነት እንዴት ይሰላል?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በቤቴል አካባቢ የሚሠራ ስድስት ሠራተኞች ያሉት አንድ የብረታ ብረት ኢንተርፕራይዝ በምሳሌነት ይወሰድ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ ኢንተርፕራይዙ በሳምንት 288 የሥራ ሰዓት ይኖረዋል። በዚህ ጊዜ 12 የብረት በሮች ቢያመርት ለአንድ በር 24 የሥራ ሰዓት አውሏል ማለት ነው።

እያንዳንዱ ሠራተኛ ግራይንደር ወይም ሜትር ሲፈልግ፣ ያለቀ ኤሌክትሮድ እስኪገዛ ሲጠብቅ፣ መንገድ የዘጋ ላሜራ ሲያነሳና ሲጥል በቀን 40 ደቂቃ ቢያጠፋ የስድስቱ ድምር በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 24 ሰዓት ይሆናል። ይህም የአንድ ሙሉ በር የሥራ ጊዜ ነው። ከ12ቱ በሮች ሁለቱ በልኬት ስህተት ወይም በብየዳ ጉድለት ምክንያት ለደንበኛ የማይረከቡ ቢሆኑ ደግሞ በሳምንቱ የተገኘው ጤናማ ምርት 10 በር ብቻ ነው። ሁለቱ ችግሮች ቢወገዱ ኢንተርፕራይዙ ሠራተኛ ሳይጨምርና አዲስ ማሽን ሳይገዛ 13 ጤናማ በሮችን ማቅረብ ይችላል። ዕድገቱ 30 በመቶ ነው። የብድር ክፍያና የደንበኛ ቀብድ ላለበት ኢንተርፕራይዝ ይህ ልዩነት ሥራን በማስቀጠልና በማቋረጥ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ሰባቱ የብክነት ዓይነቶች

በካይዘን አሠራር ብክነት የሚባለው ወጪ የሚያስከትል ሆኖ ለደንበኛው ዋጋ የማይጨምር ተግባር ሁሉ ነው። ዓይነቶቹ ሰባት ናቸው፦

1. ያለ ትዕዛዝ ወይም ከሚፈለገው በላይ ማምረት
2. ጥሬ ዕቃን፣ ውሳኔን ወይም የሥራ ባልደረባን መጠበቅ
3. ዕቃን ያለ በቂ ምክንያት ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ
4. ደንበኛው ያልጠየቀውን አላስፈላጊ ሥራ መሥራት
5. ከሚያስፈልገው በላይ ዕቃ ማከማቸት
6. መሣሪያ ፍለጋ መመላለስን የመሰለ አላስፈላጊ የሰው እንቅስቃሴ
7. ብልሽት ያለበት ምርት ማምረትና እንደገና መሥራት

የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥን የመሰሉ ችግሮች ከኢንተርፕራይዙ ቁጥጥር ውጪ ናቸው። ይሁን እንጂ ልኬት፣ ምልክት ማድረግ፣ በእጅ ማለስለስና ቀለም መቀባት በዚያ ሰዓት እንዲሠሩ አስቀድሞ ማቀድ የመጠበቅ ብክነትን ይቀንሳል።

ካይዘን በኢትዮጵያ

ካይዘን የጃፓንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ቀጣይነት ያለው መሻሻል ማለት ነው። አሠራሩ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2000 ዓ.ም. ከተካሄደው አራተኛው የቶኪዮ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ልማት ጉባኤ በኋላ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለጃፓን ወገን ባቀረቡት የድጋፍ ጥያቄ መነሻነት ነው። ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ በአዲስ አበባና በአቅራቢያዋ በሚገኙ 30 ኩባንያዎች የሙከራ ትግበራ ተካሂዷል። ኩባንያዎቹ ከብረታ ብረት፣ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከቆዳ፣ ከኬሚካልና ከምግብ ማቀነባበር ዘርፎች የተውጣጡ ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመ ሲሆን፣ ተቋሙ በአሁኑ ወቅት የካይዘን ልህቀት ማዕከል በሚል ስያሜ ይታወቃል።

አምስቱ “ማ”ዎች

የካይዘን ትግበራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የሥራ ቦታን በማደራጀት ነው። ደረጃዎቹ በአማርኛ አምስቱ “ማ”ዎች ይባላሉ።

ማጣራት፦ ለሥራው የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት፤ የማይጠገን መሣሪያንና ቁርጥራጭ ብረትን ማስወገድ ወይም መሸጥ።

ማስቀመጥ፦ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቋሚ ቦታ መስጠትና ምልክት ማድረግ። ማንኛውም ሠራተኛ መሣሪያውን ሳይጠይቅ አግኝቶ ሊመልሰው ይገባል።

ማጽዳት፦ የሥራ ቦታንና ማሽንን በየቀኑ ማጽዳት። በጽዳት ወቅት የላላ ብሎን፣ የተላጠ ሽቦና የሚያንጠባጥብ ዘይት ስለሚታዩ ጽዳቱ የማሽን ፍተሻም ነው።

ማላመድ፦ ሦስቱን ተግባራት በጋራ በተጻፈ ደንብና በኃላፊነት ክፍፍል የዕለት ሥራ አካል ማድረግ።

ማዝለቅ፦ አሠራሩ ያለ ተቆጣጣሪ እንዲቀጥል ማድረግ። ብዙ ጊዜ የሚከብደው ይህ ደረጃ ነው። ባለሙያው ከሄደ በኋላ ወደ ቀድሞው ልማድ የተመለሰ ድርጅት ያገኘውን ውጤት ያጣል። የካይዘን ልማት ቡድን ማቋቋም የሚያስፈልገውም ችግሮች በየጊዜው በሠራተኞቹ በራሳቸው እንዲለዩና እንዲፈቱ ነው።

የሠራተኞች መብትና ጥቅም

ምርታማነትን ማሳደግ ሠራተኛን ለረጅም ሰዓት ማሠራት ማለት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። በቀን ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚከፈለው የመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በብክነት የጠፋን ሰዓት በትርፍ ሰዓት ለማካካስ የሚሞክር አሠሪ ለተመሳሳይ ምርት የበለጠ ይከፍላል።

ሠራተኞች ማሻሻያው ከሥራ ያስወጣናል ብለው ከሰጉ የሚያውቁትን ችግር አይናገሩም። ያለ እነሱ ዕውቀት ደግሞ ብክነቱ የት እንዳለ ማወቅ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1955 የጃፓን ምርታማነት ማዕከል ሲቋቋም የምርታማነት ንቅናቄው በሦስት መርሆዎች እንዲመራ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነበር፦ ሥራን ማስጠበቅና ማስፋት፣ አሠሪና ሠራተኛ መመካከር እንዲሁም የተገኘውን ጥቅም በፍትሐዊነት መከፋፈል። አነስተኛ ኢንተርፕራይዞችም ትግበራውን ከመጀመራቸው በፊት የሚገኘው ተጨማሪ ገቢ ለአባላት፣ ለቅጥር ሠራተኞችና ለመሣሪያ ማሟያ እንዴት እንደሚከፋፈል ቢስማሙና ስምምነቱን በጽሑፍ ቢያሰፍሩ ይመከራል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የካይዘን ድጋፍ ለኢንተርፕራይዞች ከሚሰጡት አራት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎቶች አንዱ ነው። ሌሎቹ የቴክኒክ ክህሎት፣ የኢንተርፕረነርሺፕና የቴክኖሎጂ ድጋፎች ናቸው። አገልግሎቶቹ የሚሰጡት በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት አሠልጣኞች አማካይነት ነው። በቤቴልና በአካባቢው የሚሠሩ ኢንተርፕራይዞች በቅድሚያ የተመዘገቡበትን ወረዳ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያ ማነጋገር ይችላሉ።

ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ኢንተርፕራይዙ የሚከተሉትን ለአራት ተከታታይ ሳምንታት በደብተር ቢመዘግብ ድጋፉ በእውነተኛ መረጃ ላይ ይመሠረታል፦

• በሳምንቱ የተሠራ ጠቅላላ የሥራ ሰዓት
• የተመረተውና ያለ እርማት ለደንበኛ የተረከበው ምርት ብዛት
• በብልሽት የተመለሰ ምርትና የብልሽቱ ምክንያት
• ሥራ የቆመበት ሰዓትና ምክንያቱ
• ከቀጠሮው ቀን ያለፈ ትዕዛዝ ብዛት

ያለ እርማት የተረከበው ምርት ለጠቅላላው የሥራ ሰዓት ሲካፈል የኢንተርፕራይዙ መነሻ ምርታማነት ይገኛል። ከትግበራ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ የሚገኘው ቁጥር ከዚህ መነሻ ጋር ሲነጻጸር ለውጥ መምጣቱንና አለመምጣቱን ያሳያል። አዲስ ማሽን ለመግዛት ብድር የሚጠይቁ ኢንተርፕራይዞችም ይህን መዝገብ አስቀድመው ቢመለከቱ ችግሩ የማሽን እጥረት ወይም የአሠራር ጉድለት መሆኑን ለይተው መወሰን ይችላሉ።