ንባቡ ሳይቀድም የሚመጣ ትርጓሜ

በእንግሊዝ አገር የጂሲኤስኢ የሥነ ጽሑፍ ፈተና የሚወስድ ተማሪ አዳራሽ የሚገባው መጽሐፉን ሳይዝ ነው። ስለ አንድ የሼክስፒር ተውኔትና ስለ አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ከራሱ አእምሮ እያወጣ መጻፍ ይጠበቅበታል። አሁን ያለው ፈተና እ.ኤ.አ. በ2017 መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሁሉን በቃል የመያዝ ጭንቀት ብዙ ተማሪዎችን ወደ ዩቲዩብ ወስዷቸዋል። ስለ ማክቤዝ፣ ስለ ዲከንስ የገና ታሪክ፣ ስለ ስቲቨንሰን ጄኪልና ሃይድ የሚያብራሩ አጫጭር ትምህርቶች በነጻ ይገኛሉ፤ ከእነዚህም በጎበዝ መምህራን የተዘጋጁ ብዙ ናቸው። ይህንን ትምህርት የማስተምርና የተማሪዎችን ድርሰት የማርም በመሆኔ፣ በዚህ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቼ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ፤ ልጁ ቪዲዮ ሲያይ የሚያመሸው እያጠና ነው ወይስ ጊዜውን እያጠፋ? እያጠና ነው። ነገር ግን ቪዲዮው ከመጽሐፉ ቀድሞ ከመጣ፣ የሚያጠናው ነገር ፈተናው የሚጠይቀው አይደለም።

ማስረጃው ከፈተናው ከራሱ ይገኛል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያስፈትኑትን፣ ኤኪውኤ የተባለው ፈተና አዘጋጅ ድርጅት የሚያወጣውን የመጀመሪያ ወረቀት እንውሰድ። የሚሰጠው ጊዜ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ ተማሪው ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ከመጽሐፉ የተወሰደ ቅንጫቢ ታትሞ ይቀርብለታል። ከቅንጫቢው ተነሥቶ ስለ ሙሉው ሥራ መጻፍ አለበት። ከ30 ነጥብ 12ቱ የራሱን ሐሳብ ከጽሑፉ ማስረጃ እየጠቀሰ ለሚያስረዳበት፣ ሌላው 12 ደራሲው በቃል ምርጫና በአወቃቀር ያደረገውን ለሚመረምርበት ነው፤ ስለ ዘመኑ ለሚያሳየው ግንዛቤ የተመደበው 6 ብቻ ነው። የተለመደው የማብራሪያ ቪዲዮ ግን ሰፊ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ንጉሥ ጄምስ ጠንቋዮችን መፍራቱ፣ እ.ኤ.አ. የ1605ቱ የባሩድ ሴራ፣ የ1834ቱ የድሆች ሕግ በሰፊው ይተረካሉ። እውነት ናቸው፣ ማወቃቸውም መልካም ነው። ለቪዲዮም ይመቻሉ፤ ሥዕል አላቸው፣ ታሪክ አላቸው፣ በ10 ደቂቃ ያልቃሉ። አንድ መስመር ላይ ቆሞ ለምን እንዲህ ተጻፈ ብሎ ማሰላሰል ግን ለካሜራ አይመችም። በማርማቸው ድርሰቶች ውስጥ ውጤቱ በግልጽ ይታያል፤ የባሩድ ሴራው ከተጠየቀው ጋር ሳይገናኝ በየአንቀጹ መጨረሻ ተለጥፏል፣ ፊት ለፊት የታተመው ቅንጫቢ ግን ሳይነካ ቀርቷል።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በማክቤዝ ሁለተኛ ገቢር፣ ሁለተኛ ትዕይንት ላይ ማክቤዝ ንጉሥ ደንካንን ገድሎ ወደ ሚስቱ ይመለሳል። በቪዲዮው ላይ የሚሰማው የታወቀ ነው፤ ጭብጡ ጸጸት ነው፣ ደሙም የጸጸቱ ምልክት ነው ይባላል። ትዕይንቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበ ተማሪ ግን ከዚህ በላይ ይሰማል። ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት በተቆራረጠ ቃል ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል፣ አንዱ የግጥም መስመር ለሁለት ተናጋሪ ይከፈላል። ማክቤዝን የሚያብሰለስለው ደግሞ የሟቹ ሰውነት ብቻ አይደለም፤ ከእንቅልፋቸው ባንነው የጸለዩ ሁለት ሰዎችን ሰምቶ አሜን ማለት ለምን እንዳቃተው ደጋግሞ ይጠይቃል። ሚስቱም ጩቤዎቹን ይዞ መውጣቱን የምትናገረው ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አላየቻቸውም? ወይስ አይታ ዝም አለች? በመካከላቸው የነበረው መግባባት ከዚህች ሰዓት ጀምሮ መላላቱ ይሆን? ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድ የተቆረጠ መልስ የለም፤ ከፍተኛው ነጥብ ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንሥቶ ከጽሑፉ ጋር ለሚሟገት ተማሪ የተቀመጠ ነው። ደግሞም ከእናቱ ጎን ቆሞ የካህኑን ጸሎት በአሜን ሲቀበል ያደገ፣ ወይም መስጊድ ከአባቱ ጋር አሚን ሲል ያደገ የእኛ ልጅ፣ ያ ቃል ጉሮሮ ላይ ሲቀር ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ይህን የራሱን ዕውቀት ወደ ድርሰቱ የሚያመጣው ግን ቦታው ላይ በራሱ ዓይን ሲደርስ ብቻ ነው።

የአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ይህን ቅደም ተከተል ከጥንት ጀምሮ ጠብቆታል። ደቀ መዝሙሩ ንባቡን ያነባል፤ መምህሩ ትርጓሜውን የሚያወርዱት በተነበበው ላይ ነው። ትርጓሜው የቱንም ያህል ቢረቅ ንባቡን አይተካም፤ አንዱን ንባብም በአንድ ፍች ብቻ አይዘጋውም። የማብራሪያ ቪዲዮም ትርጓሜ ነው፤ ንባብ ሳይቀድመው ሲመጣ ግን የአንድ መምህር ፍች የመጽሐፉን ቦታ ይይዛል። ለዚህ ነው ተማሪዎቹ ከተለያየ ትምህርት ቤት ቢመጡም ድርሰታቸው በአንድ ጥቅስ፣ በአንድ ፍች፣ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገናኘው። ቪዲዮው ያላነሣው ቅንጫቢ በፈተና ቀን ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ያጠና ልጅ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ቪዲዮ ብቻ አይተው ያለፉ አሉ የሚለው እውነት ነው፤ የተሸመደደ ማብራሪያ እስከ መካከለኛው እርከን ያደርሳል። ከዚያ በላይ ግን የሚለካው የተማሪው የራሱ ሐሳብ ነው።

ቋንቋው 400 ዓመት ያለፈው ነው፣ ልጁ ያለ ረዳት እንዴት ይዘልቀዋል የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ግን ሁለት ዓይነት ቪዲዮ መለየት ያስፈልጋል። ሼክስፒር የጻፈው ለመድረክ ስለሆነ፣ መጽሐፉን ገልጦ ተዋንያን ሲጫወቱት መከታተል ራሱ ንባብ ነው፤ ከማብራሪያ ቪዲዮ ጋር አንድ ላይ ሊቆጠር አይገባም። ዲከንስም እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመውን የገና ታሪክ በየአዳራሹ ለሕዝብ ራሱ ያነብ ነበር፤ ስለዚህ ዓይንን ገጹ ላይ አድርጎ በድምፅ የተቀዳውን መስማት ነውር የለበትም። ጊዜ የለም የሚለው ግን ብዙም አያስኬድም። የገና ታሪክ አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው፣ 30 ሺህ ቃል እንኳ አይሞላም፤ ማክቤዝም ከሼክስፒር ተውኔቶች አጫጭሮቹ መካከል ነው። ሁለቱንም አንብቦ ለመጨረስ አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃል፤ በየምሽቱ ለሳምንታት ቪዲዮ ለሚያይ ልጅ ይህ ትንሽ ነው።

ክብደት ያለው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ወላጆቹ በፈረቃ ለሚሠሩ፣ አስጠኚ የመቅጠር አቅም ለሌላቸው ልጅ፣ ከክፍል ውጭ ያለው መምህር ይኸው ነጻ ቪዲዮ ነው፤ ይህንን ማናናቅ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ጉዳቱ የሚከፋውም በዚሁ ልጅ ላይ ነው። አስጠኚ ያለው ልጅ የጻፈውን የሚያነብለትና ለምን እንዲህ አልክ ብሎ የሚሞግተው ሰው አለው፤ ቪዲዮው ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ትዕይንቱን መጀመሪያ ያንብብ፣ ምን እንዳስተዋለ ባልተስተካከለ እንግሊዝኛም ቢሆን አንድ አንቀጽ ይጻፍ፣ ቪዲዮውን ከዚያ በኋላ ይክፈትና የሚስማማበትንና የማይስማማበትን ከአንቀጹ ጎን ይመዝግብ። የሚጠይቀው ሰውም ከቤት አይጠፋም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ማክቤዝን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ የሼክስፒር እንግሊዝኛ የሚከብዳት እናት ያንን አንብባ፣ ሴትዮዋ ጩቤዎቹን እስከዚያ ድረስ እንዴት አላየችም ብላ ልጇን በአማርኛ መጠየቅ ትችላለች። ልጁም መልስ ለመስጠት ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ተመልሶ፣ ማን ምን ካለ በኋላ ማን እንደተናገረ መስመር በመስመር ማየት ይኖርበታል።