የረመዳን ዙረትና የዘመን አማካይ

ኤርጎዲክ ቴዎሪ የተባለው የሒሳብ ክፍል ከጋዝ ጠባይ ምርምር ተወልዶ፣ ጆርጅ ቢርኮፍ በ1931 እ.ኤ.አ. ባረጋገጠው ቴዎረም እንደ ጸና በመጻሕፍቱ መቅድም ሁሉ ይነበባል፤ እኔ ግን በጅግጅጋ ሒሳብ ሳስተምር በሌላ በር መግባትን መርጫለሁ፤ ተማሪዎቼ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚቈጥሩት ዘመን ራሱ እንቅስቃሴው በሒሳብ የሚመረመር ሥርዓት ነውና።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፈው፣ ከተረፈውም አንዱን ለዘመን ትተው ወንበርን ሲያወጡ፣ ወንበሩንም በ11 አብዝተው ለ30 በመግደፍ አበቅቴን ሲያገኙ፣ እኛ በክብ ላይ የሚደረግ ዙረት የምንለውን ይሠራሉ፤ ይህም ዙረት ፍጹም ተመላሽ በመሆኑ፣ ዓውደ አበቅቴ በ19፣ ዓውደ ፀሐይ በ28 እየዞሩ 532 ዓመት ሲሞላ ፋሲካ የቀድሞ ቀኖቿን በተራቸው ትጀምራለች። የሂጅራው አቈጣጠር ጠባይ ከዚህ ይለያል። ዐሥራ ሁለቱ ጨረቃ 354 ቀን ከጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚሆን፣ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተሳበ የሶማሌን ወቅቶች፣ ደረቁን ጅላልን፣ የጉንም ዝናብ፣ የከረንንም ያዳርሳል፤ በ33 ዓመት ገደማ ወደ መነሻው ቢቀርብም በቦታው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ስለዚህ ዘመኑ በረዘመ መጠን ወቅቶቹን ሁሉ በእኩል ይጐበኛል። ኸርማን ቫይል በ1916 እ.ኤ.አ. በጥልቀት ያጠናው እኩል ሥርጭት ከዚህ ጋር አንድ ነው።

ረመዳን በወቅቶቹ ላይ ሲዞር የጾሙ ቀን ርዝመትም አብሮ ይለዋወጣል። ጅግጅጋ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ረጅሙ ቀኗ ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሶማሌ ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ዘመድ ባላቸው በስዊድን፣ በስቶክሆልም፣ የሰኔ ቀን ከ18 ሰዓት ያልፋል፣ የታኅሣሥ ቀን ወደ 6 ሰዓት ይወርዳል። ሆኖም የዓመቱ ቀናት አማካይ ርዝመት በሁለቱም ከተሞች 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ረጅም ዕድሜውን በአንዲቱ ከተማ የጾመና በሌላይቱ የጾመ ሰው፣ የጾም ቀናቸው ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ቢለካ፣ አማካዩ ይተካከላል። ቢርኮፍ ያረጋገጠው ይህንኑ የጊዜ አማካይና የሥፍራ አማካይ መገናኘት ነው፣ የጊዜው በዘመናት የተጾሙት ቀናት አማካይ፣ የሥፍራውም (ከተማዋ ሳትሆን) የዓመቱ ክብ ቀናት ሁሉ አማካይ ሆኖ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በጋዝ ውስጥ አላገኘሁም።

አንድ የቀብሪበያህ ተማሪ ይህን ከሰማ በኋላ፣ «መምህር፣ አጎቴ ረመዳን በታኅሣሥ በዋለበት ዘመን እዚህ ጾሞ፣ ወደ ሰኔ በቀረበበት ዘመን ስዊድን ገባ፤ ለእርሱስ ቴዎረሙ ምን ይለዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ምንም አይለውም፤ ቴዎረሙ የሚናገረው ሕጉ ሳይለወጥ ዘመኑ ያለ ወሰን ሲራዘም ስለሚሆነው ነው፤ አማካዩ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደረስ እንኳ አይወስንም፤ የእኛም ሙያ ከባዱ ሥራ ያለው በዚህ ፍጥነት ላይ ነው። ዙረቱ ወደ መነሻው ምን ያህል እንደሚቀርብ ለማየት የቀረውን ክፍለ ጊዜ በሰንሰለታዊ ክፍልፋይ ስሌት አሳልፈን፣ 34 የጨረቃ ዓመት ከ33 የፀሐይ ዓመት የሚለየው በ4 ቀን ተኩል ገደማ፣ 67ቱ ከ65ቱ የሚለየው በ2 ቀን ገደማ መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው አወጡ፤ ያ ልጅም አጎቱ ስዊድን ከገባበት ዓመት ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ዙር ፍጻሜ የሚቀሩትን ዓመታት በደብተሩ ላይ አሰላ።