የጫካው ቡናና የእኛ ችግኝ

መጋቢት አጋማሽ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ዘጠኝ ቀን ሆኖት በከፋ ደን ውስጥ ያለው ቡና ሁሉ ባንድ ሌሊት ነጭ ለብሶ አድሯል። የቡና አበባ ከፈካ በኋላ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ እምቡጡ ሳይፈካ በመረጥናቸው እናት ቡናዎች ቅርንጫፍ ላይ የጨርቅ ከረጢት ስናለብስ ሰንብተን፣ ያን ቀን የገባሁት ከረጢቶቹን ለማየት ነው።

አብረውኝ የነበሩት አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ጫካ ቡና የለቀሙ፣ ቀፎ የሰቀሉ ሰው ናቸው። ከአንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ሥር ስንደርስ ቆሙና በያዙት ዘንግ አንዲት ቡና አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይቺ የጫካ አይደለችም። ከጣቢያችሁ የወጣች ናት።»

«አባ፣ በምን አወቋት?»

«ቁመናዋን እዪው እንጂ።»

አየሁት። የጫካ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ብርሃን ፍለጋ ስለሚንጠራራ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ቅርንጫፉም የተራራቀ፣ አበባውም እዚህ ጥቂት እዚያ ጥቂት ነው። ይቺኛዋ ግን አጠር ብላ ሰብሰብ ያለች፣ ቅጠሏ ትንንሽ፣ አንጓዋ የተቀራረበ፣ አበባዋም ቅርንጫፉን የሸፈነ ነበር። የምርምር ጣቢያ ቡናን በየማሳው ለዓመታት ላየ ዓይን መልኳ አይሰወርም። እኔ ብቻዬን ብሆን ግን አልፌያት እሄድ ነበር። ዓይኔ በተርታ የተተከለ ቡና ላይ የሠለጠነ ስለሆነ፣ ጫካ ውስጥ እንግዳ ለመለየት የእሳቸውን ያህል አይረዳኝም።

«ጣቢያችሁ» ያሉት ቃል ግን ከልቤ አልወጣም። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ከችግኝ ጣቢያ በላስቲክ ከረጢት የተሞላ አፈርና ችግኝ በመኪና አስጭኜ፣ ደን ዳር ላሉ ገበሬዎች በእጄ አድያለሁ። የት እንደሚተክሉት አልጠየቅኩም። የምጠየቀው ስንት እንዳደልኩ ነበር። ችግኙ ማሳ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ጫካ ውስጥ ዛፍ ወድቆ ብርሃን በገባበት ክፍተት ሁሉ ተተከለ። አንድ ገበሬ ክፍተት አይቶ ቢተክል ምን አጠፋ? እሱ የሚያስበው ልጆቹን የሚያበላበትን ምርት ነው፤ ችግኙን ያመጣሁለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያ ችግኝ የመጣበትን ታሪክ ማወቅ ይገባል። ባለሙያው ሲቢዲ የሚለው የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። እሸቱን ገና አረንጓዴ ሳለ እያጠቆረ የሚያረግፍ ፈንገስ ነው። በ1967 የተቋቋመው የጅማ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በደኑና በየጓሮው ተሰማርተው፣ ዙሪያው ሁሉ ጠቁሮ ፍሬው ጤነኛ ሆኖ የቆመ ቡና መፈለግ ያዙ። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች እናቶች በ1974 የተገኙት በኢሉባቦር መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ በሚባል ቦታ ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ያንን ዓመት የሚያመለክት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘራቸው ተፈትኖ ለገበሬው ደረሰ፤ ብዙ ቤተሰብም ከመክሰር ዳነ። ይህን ሥራ ዛሬም አደንቃለሁ።

እነዚህ ዝርያዎች ከእንግዳ አገር የመጡ አይደሉም፤ የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ልጆች ናቸው። ታዲያ ወደ ጫካ ቢመለሱ ምን ይጎዳል? ይህን ጥያቄ ከሥራ ባልደረቦቼም ከገበሬዎችም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ የምመልሰው ይህን ነው። ከደኑ የወጡት ጥቂት እናቶች ናቸው፤ የተመለሰው ግን በብዙ እጥፍ የተባዛ የእነዚያ የጥቂቶች ዘር ነው። በ1971 የመጣው በሽታ መድኃኒት ያገኘው ደኑ እርስ በርሱ የማይመሳሰል ሺህ ዓይነት ቡና ስለነበረው ነው። ነገ ሌላ በሽታ ወይም የባሰ ድርቅ ቢመጣ ተመራማሪው የሚገባው እዚያው ደን ነው። ሲገባ የሚያገኘው የሰባ አራቶቹን ልጆች ብቻ ከሆነ፣ የሚፈልጋት እናት ቡና የለችም ማለት ነው።

መቀላቀል ራሱ ክፉ ነው አልልም። የእኛው ዐረቢካ ቡና የቅልቅል ልጅ ነው። ሮቡስታና ዩጄንዮይደስ የተባሉ ሁለት የቡና ዘመዶች ተዳቅለው የወለዱት ነው፤ ተመራማሪዎች ጊዜውን ወደ 600,000 ዓመት ገደማ ይገምቱታል። ባለ 22 ክሮሞዞም ከሆኑት ዘመዶቹ ተለይቶ 44 ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1920ዎቹ በቲሞር ደሴት ዐረቢካ ከሮቡስታ ጋር በራሱ ጊዜ ተዳቅሎ የተገኘው ቡናም የቅጠል ዋግን የሚቋቋም ዘር ለዓለም አበርክቷል። የእነዚህና የአሁኑ ልዩነት በፍጥነትና በመጠን ነው። እኛ በአንድ ትውልድ ዕድሜ፣ በመኪና ጭነን፣ አንድ ዓይነት ዘር ደኑ ጫፍ ላይ አፈሰስን።

ዘሩ የሚቀላቀልበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የአበባ ብናኝ ነው። ዐረቢካ አብዛኛውን ፍሬ የሚይዘው በራሱ ብናኝ ነው፤ ከአሥር አበባ አንዱ ያህል ግን ንብ ወይም ነፋስ ካመጣው የሌላ ቡና ብናኝ ሊያፈራ ይችላል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ማሳውም ጫካውም በአንድ ዝናብ አብሮ ያብባል፤ ከፋ ደግሞ የማር አገር ነው። ሁለተኛው ፍሬው ራሱ ነው። ወፍና ጦጣ ቀይ ቡና በልተው ፍሬውን ርቀው ይጥሉታል። ከሁሉም በላይ ሰው አለ፤ ከቡና ሥር በራሱ የበቀለውን ችግኝ ነቅሎ ክፍተት ላይ ይተክላል። የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ምልክት የለውም። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ሰው ሥሩን እየመነጠረ በሚለቅምበት ከፊል ጫካ ቡና ውስጥ የተሻሻሉ ዝርያዎች ዘረመል ሰርጎ መግባቱን አሳይቷል። ሥር ሲመነጠርና ጥላ ሲሳሳ ለአዲሱ ዘር ቦታ እንሰጣለን፤ የደኑ የራሱ ቡቃያም አብሮ ይታጨዳል።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ፣ በ1929 ደግሞ አልማቲ ገብቶ በቲየን ሻን ተራሮች የዱር አፕል ደን አይቷል። ዛሬ በዓለም የሚበላው አፕል መነሻው ያ ደን ነው። በኋላ የተደረገው የዘረመል ጥናት አፕል ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ከአውሮፓ የዱር አፕል ጋር አጥብቆ መደባለቁን ገለጠ። አሁን የአውሮፓው የዱር አፕል ራሱ፣ ከየእርሻው በሚመጣው ብናኝ ምክንያት፣ ንጹሑን መለየት አስቸግሯል። ይህን ሳነብ ያሰብኩት እዚህ ያለውን ደን ነው፤ እኛ ገና ጊዜ አለን።

«ቡናው እኮ ጮጬ ተሰብስቧል» የሚለኝ ሰው አለ። እውነት ነው፣ ጅማ አጠገብ ጮጬ በሺህ የሚቆጠር የቡና ዓይነት በማሳ ላይ ተጠብቆ ቆሟል። የቡና ዘር እንደ ጤፍ ደርቆ በማቀዝቀዣ ለረጅም ዘመን ስለማይቆይ በሕይወት ቆሞ መጠበቅ አለበት። ግን እዚያም ጎረቤት ለጎረቤት ያብባል። ከዚያ ለቅመው ቢዘሩት ልጁ እናቱን ላይሆን ይችላል፤ ወይ በቁርጥራጭ ማባዛት፣ ወይ አበባውን በከረጢት መሸፈን ያስፈልጋል። ደኑ ደግሞ ማሳ የማይሰጠውን ይሰጣል፤ ቡናው ከበሽታው፣ ከጥላውና ከዝናቡ ጋር እየታገለ ዛሬም ይለወጣል።

እኔ የያዝኩት ሐሳብ ቀላል ነው። ለማሳና ለጓሮ የተሻሻለው ዝርያ ይቅረብ፤ ገበሬው መብቱ ነው። ጫካ ውስጥ ክፍተት ለመሙላት ግን ከዚያው ጫካ እናት ቡና የተለቀመ ዘር ብቻ ይተከል። ከረጢት የምናለብሰው ለዚህ ነው፤ በከረጢቱ ውስጥ ቡናዋ በራሷ ብናኝ ታፈራለች። ችግኙ ከጣቢያ ሲወጣም የእናቱ ስምና ቦታ አብሮት ይውጣ። ይህ ሥራ ይጨምራል፤ ምርቱም እንደ ሰባ አራቶቹ አይሆንም። ስለዚህ ጫካውን ንጹሕ አድርጎ ለሚይዝ ገበሬ ቡናው በተሻለ ዋጋ ካልተገዛ፣ ሸክሙን በእሱ ጫንቃ ላይ ጥዬ መሄድ ነውር ይሆንብኛል።

«ልንቀላት?» አሉኝ አባ ያን ቀን፣ ወደዚያች ቡና እያዩ።

ወዲያው አልመለስኩም። በመጨረሻ «ቅጠሏን ለላቦራቶሪ ልውሰድና እስኪጣራ ትቆይ፤ ፍሬዋን ግን ወፍ አይቅደማችሁ» አልኳቸው። ሦስት ለጋ ቅጠል ቆርጬ ማድረቂያ ባለበት ከረጢት አደረግሁ። እሳቸውም ቅርንጫፏ ላይ ቀይ ክር አሰሩ።

ጥቅምት ላይ ተመልሼ ስመጣ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ቡናዋ ላይ አንድ ቀይ ፍሬ አልነበረም። ከሥሯ ግን የቀደሙት ዓመታት ፍሬ በቅሎ፣ አንዳንዱ ገና ሁለት ቅጠል አውጥቶ፣ አንዳንዱ እስከ ጉልበታችን ደርሶ ቆሟል። ከአጠገቡ የጫካዋም ልጆች አሉ፤ በዚያ ዕድሜ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። አባ ዘንጋቸውን ቀረሮው ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉና አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ።