የአዝመራ ግምት ስሕተት በመንደር እንጂ በገበሬ ቍጥር እንዳይለካ ስለ መደረጉ ጕዳይ

የወረዳው አዝመራ ሳይታወቅ ጎተራ መክፈትም ሆነ መዝጋት፥ ለተራበው እህል መስደድም ሆነ ማስቀረት አይገባም። ስለዚህ ግምቱን ብቻ ሳይሆን፥ ስሕተቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ ማወቅ ለሹምም ለባለርስትም ያስፈልጋል።

ለምሳሌ 10 መንደሮች በዕጣ ተመርጠው ከየመንደሩ 20 ገበሬዎች ቢመረመሩ፥ በመዝገቡ 200 ገበሬ ይጻፋል። ነገር ግን ዝናሙም ዋጉም አንበጣውም የሚመጣው በመንደር ነውና፥ የአንድ መንደር አዝመራ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። የመመሳሰሉ መጠን 0.2 ቢሆን፥ ከ20 አንድ ተቀንሶ በ0.2 ሲባዛና 1 ሲጨመርበት 4.8 ይሆናል። 200ው ለዚህ ሲካፈል 42 ያህል ይቀራል። ይኸውም የ200ው ምስክርነት ከወረዳው ሁሉ ተበትነው በዕጣ ከተመረጡ 42 ገበሬዎች አይበልጥም ማለት ነው።

ስሕተትን ከራሱ ከምርመራው ለማውጣት ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ ህንዳዊው ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስ ነበሩ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. በቤንጋል በተጀመረው የጁት ተክል ምርመራ፥ አንዱን አገር ለሁለት ክፍል መርማሪዎች ለየብቻ እየሰጡ ውጤታቸውን ያስተያዩ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ብራድሊ ኤፍሮን የተገኘውን መዝገብ ደጋግሞ በዕጣ የማውጣትን ዘዴ አሳተሙ።

ዘዴው በመንደር ለተከፈለ መዝገብ እንዲህ ይሠራል። የ10ሩ መንደሮች ስም ተጽፎ በቅርጫት ይጨመራል፤ አንዱ ወጥቶ ይጻፋል፥ ተመልሶም ይጨመራል፤ ይህ 10 ጊዜ ይደረጋል። ሁለት ጊዜ የወጣ መንደር ከ20 ገበሬዎቹ ጋራ ሁለት ጊዜ ይቈጠራል፤ ያልወጣው ይቀራል፤ አማካዩም ይሰላል። ይህ 1000 ጊዜ ተደግሞ (ኮምፒዩተር ፈጥኖ ይፈጽመዋል) ያነሱት 25ና የበለጡት 25 ሲጣሉ፥ የቀሩት የግምቱን ዳርቻ ያሳያሉ።

የ200ው ገበሬዎች ስም በአንድ ቅርጫት ተደባልቆ ዕጣ ቢወጣ ግን ስሕተቱ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያል፤ ሹሙም ባልጸና ቍጥር ታምኖ ጎተራውን ይዘጋል። መንደሮቹ ጥቂት ሲሆኑም ዘዴው ራሱ ስሕተቱን አሳንሶ ስለሚያሳይ፥ መንደር ማብዛት ይሻላል። ያው 200 ገበሬ ከ20 መንደር 10 እየሆነ ቢመረጥ፥ ምስክርነቱ ከ42 ወደ 71 ያህል ከፍ ይላል።

እንግዲህ ምርመራ የሚያዝ ሹም ሁሉ በእያንዳንዱ ገበሬ ስም አጠገብ የመንደሩ ስም እንዲጻፍ ያድርግ። ይህ ከጐደለ መዝገቡ የቱንም ያህል ቢረዝም ስሕተቱ አይለካምና።